የአምባዛ አፍንጫና የማይታየው ቦይ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ የአምባዛ አፍንጫ የት እንዳለ ፈልጌ እንዳሳይ ነበር። ወደ ዓሣ ምርምር ጣቢያው የመጣሁት ከጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ተዛውሬ ነው። ለዓመታት የወባ ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ዓሣን ግን ሰሃን ላይ ካልሆነ በቀር ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ አንድ ክንድ የሚያህል አምባዛ ተኝቷል። ጢሙን አነሳሁ፣ አፉን ከፈትኩ፣ ገልብጬ አየሁት። አለቃዬ ዶክተር መላኩ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ይሄ ነው» አልኩ በመጨረሻ፣ ከጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥቅ እያሳየሁ።

«እሱ የሚተነፍስበት ነው» አሉኝ። «ዓሣ በአፍንጫው አይተነፍስም። ያሸትበታል ብቻ።» በመርፌ ጫፍ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያሉትን አራት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሳዩኝ። «እንግዲህ አስካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኑሮሽ እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩበት፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ጣቢያው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር። በአንዱ ክፍል ዶክተሩ ይጽፋሉ፣ በሌላው እኔ እቆርጣለሁ። ማዕረጌ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ ኋላ «ከፍተኛ» የሚል ቃል ጨመሩልኝ፣ ሥራው ግን ያው ነው። የዓሣ አፍንጫ ውስጥ እንደ ደብተር ገጽ የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አሉ። ሽታ ከውሃው ጋር መጥቶ ቅጠሎቹን ሲነካ፣ በሕዋሳቱ ገለፈት ላይ ያሉ እጅግ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ይከፈታሉ። በእነሱ በኩል አዮን የሚባሉት የጨው ቅንጣቶች አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ ይወጣል። ያ መግባትና መውጣት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ዓሣው ሸተተው ማለት ያኔ ነው። መተላለፊያው ካልተከፈተ ምግቡ አፍንጫው ሥር ቢቀመጥም ለዓሣው እንደሌለ ነው። እኛ የምንለካው ያንን ኤሌክትሪክ ነበር።

አሠራሩን ለሙያ ባልደረቦቼ ልንገራችሁ። ዓሣውን በቅርንፉድ ዘይት አደነዝዘዋለሁ። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ አስተኛዋለሁ። እንዳይታፈን የግሉኮስ ቱቦ አፉ ውስጥ ከትቼ ውሃ ሳያቋርጥ እንዲፈስለት አደርጋለሁ። አፍንጫው ላይ ያለችውን ቆዳ በትንሽ መቀስ እገልጣለሁ። ከዚያ ቀጭኗን የብር ሽቦ አስጠጋለሁ። ሽቦዋ አስቀድማ በረኪና ውስጥ ተነክራ ካልጠቆረች ንባቡ ይዋዥቃል። ይህን ያስተማሩኝ ዶክተሩ ናቸው፤ ስንት ደቂቃ መነከር እንዳለባት ግን ያወቅኩት በራሴ ነው፣ የገበያችን በረኪና አንዱ ካንዱ አይገጥምምና።

ትልቁ ጠላታችን ጄኔሬተሩ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱ ይነሳል፣ እሱ በተነሳ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንባባችን በሙሉ በዚያ ጩኸት የተሞላ ነው፤ የዓሣው ድምፅ የቱ እንደሆነ፣ የጄኔሬተሩ የቱ እንደሆነ አይለይም። በስንት ውጣ ውረድ አንድ የሽቦ ቤት እንድናሠራ ተፈቀደልን። መሣሪያውና ዓሣው እሱ ውስጥ ሲገቡ የውጭው ኤሌክትሪክ አይደርስባቸውም።

ብየዳ ቤት ሄጄ ልኩን በወረቀት ሰጠሁ። በያጁ ወረቀቱን አየና «ስንት ዶሮ ነው የሚገባበት?» አለኝ።

«አንድ ዓሣ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሌላ አልጠየቀም። ቤቱን ግን ጥሩ አድርጎ ሠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንባባችን ጠራ።

ባሮ ዳርቻ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች «የአፍንጫዋ ሴትዮ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፣ አንቺ ደግሞ አናቱን ትመርጫለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ያ ስም ቆይቶ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅኩም።

ስለ ኡጁሉ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ኡጁሉ አኙዋክ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። በባሮ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ሚስት ሲያገባ ግን ጎግ ወረዳ በኩል ወዳለው የሚስቱ መንደር ገባ። መንደሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ኩሬ አለ። በዚያ ኩሬ ላይ መረብ መጣል ክልክል ነው፤ የሚጠመደው በመንጠቆ ብቻ ነው፣ ያውም በተራ። ተራ የሚሰጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ኡጁሉ የዚያ አገር ልጅ ባይሆንም በጠባዩ ወደዱትና ተራ ሰጡት።

እኛ ከዚያ ኩሬ አምባዛ መውሰድ የጀመርነው ኡጁሉ ከመግባቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። እሱ ከገባ በኋላ ናሙና አቀባያችን ሆነ። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም፤ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ከትንሽ ውሃ ጋር አድርጎ በኢሱዙ ይልክልኛል፣ አንዳንዴም ራሱ ይዞ ይመጣል። ሲመጣ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ሥራዬን ያያል። ሌላው ሰው ገብቶ «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ይለኛል። ኡጁሉ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ጊዜ የማጥመጃ ትልህን ጭማቂ አምጣልኝ አልኩት። ከውጭ አገር የመጣ በዱቄት መልክ ያለ የሽታ ቅመም ነበረን፤ በእሱ ፋንታ የኡጁሉን የትል ጭማቂ አንዲት ጠብታ አፍንጫው ላይ ለቀቅኩ። መስመሩ ከዱቄቱ ይልቅ ከፍ ብሎ ተነሳ። ኡጁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ መስመሩን በጣቱ ተከተለ።

«ይሄ እሱ ሲያሸት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ሃያ ዓመት ይሄን ጠበቅኩ። አሁን አየሁ» አለ። ያን ቀን ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተበላሸ ሄደ። ከኩሬው የሚመጡ አምባዛዎች ንባባቸው እየወረደ መጣ። አልዌሮ ግድብ በኩል የሚመጡት ደህና ናቸው። ባሮዎቹም ደህና ናቸው። የኩሬው ግን ጠብታውን ብለቅ መስመሩ ንቅንቅ አይልም። ሽቦውን ቀየርኩ፣ በረኪናውን ቀየርኩ፣ ለንባቡ የምንጠቀምበትን ጨዋማ ውሃ እንደ አዲስ በጠበጥኩ። ያው ነው። ዶክተሩ «መተላለፊያዎቹ አይከፈቱም፣ ወይ ቁጥራቸው አንሷል» አሉ።

በዚያው ሰሞን ኡጁሉ መጣና በር ላይ ሳይቆም ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አስካለ፣ ዓሣው አለ። አያለሁ እኮ። በማጥመጃው አጠገብ ያልፋል። አይበላም» አለኝ።

«እኔም ጋ እንደዚያው ነው።»

«መንደር ሌላ ይላሉ። ብርብራ አስገባ ይላሉ። እኔን።»

ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን የሚያደነዝዝ ዛፍ ነው። በዚያ ኩሬ ላይ ብርብራ መጨመር ከመረብም የከፋ ወንጀል ነው። ኡጁሉ ከሌላ አገር የመጣ፣ ብቸኛው እንግዳ፣ ዓሣው የተበላሸውም በእሱ ዘመን። ጣታቸውን የሚቀስሩበት ሌላ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተራውን አግደው፣ ነገሩ ካልጠራ ከመንደሩ እንዲወጣ ሊወስኑ ነው።

ዶክተሩን ይዤ ጎግ ሄድኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሰሙን። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ያለን ነገር ይሄ ነው አልኳቸው፦ ከዚህ ኩሬ ከወሰድነው ከእያንዳንዱ ዓሣ አፍንጫ ቁራጭ እያስቀረን በየዓመቱ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠናል። ኡጁሉ ከመምጣቱ በፊት ያሉትም አሉ። አዲስ አበባ ባለ ላቦራቶሪ ከተመረመሩ መተላለፊያዎቹ መቀነስ የጀመሩት በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይታወቃል። ኡጁሉ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ከሆነ ሰውዬው ንጹሕ ነው።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት «እሱ ከገባ በኋላ ከሆነስ?» አሉኝ።

«እሱንም እነግራችኋለሁ።»

ኡጁሉ ከዳር ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። «ትንገራችሁ» አለ። ሽማግሌው አንድ ዓመት ሰጡኝ። በራሴ አፍ ቃል የገባሁት እዚያ ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳለን ኡጁሉ ነገሩን በደንብ እንዳስረዳው ጠየቀኝ። ስለ ሕዋሱ፣ ስለሚከፈተውና ስለሚዘጋው ነገር ነገርኩት። «በር ነው በይኛ» አለኝ። «በሩ ተዘጋ። ሽታው ውጭ ቀረ።»

«እንደዚያ ነው» አልኩት። በሆዴ ግን በር የልጆች ቃል ነው ብዬ ናቅኩት።

የእኔ ችግር ይሄ ነው፦ አባቴ ጎሬ ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። ቤታችን ውስጥ የፈረንጅ ቃል ያስገባ ልጅ በአማርኛ ሲተረጉመው ያመሽ ነበር። እኔም ይህ አመል ተጣብቶኝ ቀረ። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ «ቻነል» የሚሉትን መተላለፊያ እኔ ለራሴ «ቦይ» ብዬ ሰየምኩት። የአዮን ቦይ። በደብተሬ ላይ፣ በናሙና ብልቃጦቹ ላይ፣ በሁሉም ቦታ ቦይ ነው። ኮርቼበት ነበር። ቦይ ማለት ውሃ የሚሄድበት ነው፤ ይሄም የጨው መሄጃ ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

«ቻነል ብለሽ ተይው አስካለ፣ ሰው ይደናገራል» አሉኝ ዶክተሩ አንድ ጊዜ።

«የራሳችን ቃል እያለን?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቅንቀው ተዉኝ። ምነው ባልተዉኝ።

የግማሽ ዓመት ሪፖርት ማቅረቢያ ጊዜ ደረሰ። ዶክተሩ የምርመራውን ተራ ሊያስይዙ አዲስ አበባ ሄደው ስለነበር ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የርዕሱ ቦታ አንዲት መስመር ብቻ ናት። «በባሮ፣ በአልዌሮ ግድብና በጎግ ኩሬ በሚገኙ አምባዛዎች አፍንጫ ውስጥ ያሉ የአዮን ቦዮች» ብዬ ብጽፍ አይበቃም። አሳጠርኩት፦ «የቦዮች መከፈትና መዘጋት፤ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጎግ»። ከሥሩ ማጠቃለያ በሚለው ቦታ እንዲህ አልኩ፦ «የባሮና የአልዌሮ ቦዮች በደንብ ይሠራሉ። የጎግ ቦዮች አብዛኞቹ አይከፈቱም። ምክንያቱ አልታወቀም። አስቸኳይ ክትትል ያስፈልጋል።» ማኅተም አስመትቼ ለበላይ ቢሮው ላክኩት። አንብቤ አምሮብኝ ነበር፤ አጭርና ግልጽ።

የቢሮው መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ርዕሱን አየችና ወደ መስኖ ክፍል መራችው። በእሷ አልፈርድም። እኔም ብሆን እዚያው እመራው ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ፒክአፕ ግቢያችን ገባ። የወረዱት ከመስኖ ክፍል የተላከ ኮሚቴ አባላት፣ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሜትርና ካርታ ይዘዋል። መሪያቸው ኢንጂነር አግዋ ይባላል፤ የጎግ ልጅ፣ ወጣት፣ ሲናገር የሚጠነቀቅ። ሪፖርቴን በእጁ ይዟል።

«ወይዘሮ አስካለ እርስዎ ነዎት? ጎግ ላይ ሁለት ቀን ዞርን። እርስዎ የጻፏቸውን ቦዮች አላገኘናቸውም። ይምሩን ብለን ነው» አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል። የእሱ ፊት ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ቦዩ ዓሣ ውስጥ ነው ያለው» አልኩት።

ወደ ክፍሌ አስገባሁት፤ አንድ አፍንጫ ቆርጬ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩለት። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ነው ቦዩ?»

«እሱ ቅጠሉ ነው። ቦዩ እዚያ ላይ ነው፣ ግን በዚህ አይታይም። በጣም ትንሽ ነው።»

«አይታይም።»

«አይታይም፤ ግን አለ። በኤሌክትሪክ እንለካዋለን።»

ቀና ብሎ አየኝ። «በእናቴ መንደር ስብሰባ ተጠርቷል። ቦይ ሊጠገን ነው ተብሎ ለሕዝቡ ተነግሯል። እኔ ነኝ የነገርኩት። አሁን ሄጄ የማይታይ ቦይ ነው ልበላቸው?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

የሄደው ቁጣ ይዞት ሳይሆን ኀፍረት ይዞት ነው። የኮሚቴው ሪፖርት ግን አጭርና ግልጽ ነበር፦ በሰነዱ የተጠቀሱት ቦዮች መሬት ላይ የሉም። ከዚያ በላይ ያሉት አለቆች ያችን አንዲት መስመር አንብበው አሰቡ፤ የሌለ ቦይ የጻፈ መሥሪያ ቤት ሌላ ምን የሌለ ነገር ጽፎ ይሆን? ነገሩ እስኪጣራ ክፍሉ ይታሸግ ተባለ።

ለማሸግ የመጡት ሁለት ሠራተኞች ናቸው። ማይክሮስኮፑን ቆጠሩ፣ ወንበሩን ቆጠሩ፣ የሽቦ ቤቱን «የዶሮ ቤት፣ አንድ» ብለው መዘገቡ። ከዚያ አንደኛው ወደ መብራት መቆጣጠሪያው ሄደ።

«እሱን አትንካ። ፍሪዘር አለ» አልኩት።

«የታሸገ ክፍል መብራት አይተውበትም። እሳት ቢነሳ ተጠያቂው እኛ ነን።»

«ብልቃጦቹን ላውጣና ሌላ ቦታ በበረዶ ላስቀምጣቸው።»

«ከሚጣራ ክፍል ዕቃ አይወጣም፣ እናቴ።»

ለመንኩት። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ለምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ለመንኩ። የአንድ ሰው ስም እዚያ ውስጥ ነው አልኩት። ፍሪዘሩን ከፍቶ አየ፤ ያያቸው በረዶ የጋገሩ ብልቃጦች ናቸው። ዘጋው። መብራቱን አጠፋ። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታበት።

ወሩ የካቲት ነበር። ጋምቤላን የምታውቁ የየካቲት ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጥዋት ከአንዱ ቢሮ በር ላይ እቆማለሁ፣ ከሰዓት ከሌላው። ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ኃላፊ «ናሙና ነው የሚበላሸው ትያለሽ፣ የምን ናሙና?» አለኝ። የዓሣ አፍንጫ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያደመጠኝ አይመስለኝም። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ሆነው በስልክ ላገኙት ሰው ሁሉ ያስረዳሉ፤ ስልኩ ይቆረጣል፤ እንደገና ይደውላሉ። እኔ በየቀኑ ወደ ጣቢያው ሄጄ የተዘጋውን በር አያለሁ። በአራተኛው ቀን በበሩ ሥር ሽታው መውጣት ጀመረ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማኅተሙ የተነሳው ሦስት ሳምንት አልፎ ነው። ከአዲስ አበባ የማብራሪያ ደብዳቤ መጣ፣ ስህተቱም ታወቀ። በሩን ሊከፍት የመጣው ራሱ ኢንጂነር አግዋ ነበር። ሽታው ሲወጣ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አላለም። አብሮኝ ገባ። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ቁራጭ ሁሉ ውሃ ሆኗል፤ የብልቃጦቹ ስም ወረቀት ተላቆ እላዩ ላይ ይዋኛል። የትኛው የየት ዓመት እንደሆነ እንኳ አይለይም።

«አዝናለሁ» አለኝ አግዋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ግን ቦይ ብለው ጻፉ። እኔ ቦይ ነው ያነበብኩት። ሌላ ምን ላነብ እችል ነበር?» አለ።

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ።

ዶክተር መላኩ ሲመለሱ ፍሪዘሩን ከፍተው ባዶነቱን አዩ፣ መልሰው ዘጉት። «ቻነል በይው ብዬሽ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። «አዲስ ናሙና እንወስዳለን» አሉ። ሁለታችንም ግን እናውቃለን፤ ከኩሬው ዛሬ የሚወጣ ዓሣ የዛሬ ዓሣ ነው። ከኡጁሉ በፊት የነበረውን ዓሣ ከየትም አናመጣውም። የድሮው ንባብ እንዳይረዳን የጄኔሬተር ጩኸት ነው፤ የሽቦ ቤቱ የተሠራው ኡጁሉ ኩሬው ላይ ከገባ በኋላ ነዋ። ዶክተሩ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ልፋታችንን ውሃ በላው።

ቀጠሮው ደረሰ። ባልሄድ የሚቀየመኝ አልነበረም፤ ኡጁሉ ራሱ «ተይ፣ አትምጪ» ብሎኝ ነበር። ሄድኩ። እዚያው ማንጎ ሥር ተቀመጥን። ከጣቢያው ብቻዬን ነኝ።

«ማስረጃው የታለ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

«በእኔ ስህተት ነው የተበላሸው» አልኩ። «ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ኩሬ ዓሣ አይቻለሁ። ብርብራ አንዴ ገብቶ የሚያደርገው ነገር አይመስለኝም። ቀስ በቀስ የመጣ ነው የሚመስለኝ። ይህን በቃሌ እመሰክራለሁ።»

ሽማግሌው በአኙዋክኛ ከሌሎቹ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህ ስብሰባ ነበር» አሉኝ። «ቦይ ይጠገናል ተባለ። ሰው ደስ አለው። ኋላ ቦይ የለም ተባለ። የሌለውን የጻፈችው የአፍንጫዋ ሴትዮ ናት አሉ። አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ስለ ኡጁሉ የምትይውን እንዴት እንመን?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ቦይ ስል ምን ማለቴ እንደነበር፣ ቅጹ እንዴት ጠባብ እንደነበር፣ ሪፖርቱ ከመዝገብ ቤት ወደ መስኖ እንዴት እንደተመራ። ስናገር ለራሴ ይሰማኛል፤ ውሸታም ሰው ሲያወራ እንደሚያበዛው አበዛሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ በጨዋነት እስከ መጨረሻው አደመጡኝ።

ኡጁሉ ተነስቶ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለ። ለእኔ የተከራከረልኝ ወይም ለራሱ የተከራከረ መሰለኝ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ውሃ ስጧት አልኩ።»

ውሃው መጣና ጠጣሁ። ኡጁሉ በሳምንቱ መንደሩን ለቀቀ። ሚስቱ ከወንድሞቿ ጋር ቀረች። አሁን ከተማ ውስጥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ከባሮ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቀመጣል፣ ዓሣ ግን አያጠምድም። ሳልፍ ይነሳል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፣ ወንበሩን ይለቅልኛል። አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ነው የማልፈው።

ብርብራ አስገብቶ ነበር ወይስ አላስገባም? አላስገባም ብዬ አምናለሁ። ግን አላውቅም፤ የሚያውቅም ሰው ከእንግዲህ አይኖርም።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ብቻ ነው። ለሥራችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ስም ማውጣት ጥሩ ነው። ያወጣችሁትን ስም ወረቀት ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ግን፣ ወረቀቱን ለሚያነበው ሰው አሳዩትና ምን እንደገባው ጠይቁት። እኔ አልጠየቅኩም።